የማዞሪያዎቹ አዛዥ

ዓመቱ 1974 ይመስለኛል፤ ብሳሳት ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። እኔ ካራቆሬ፣ ጎረቤቴ አሰገደች ደግሞ ሸዋ ሮቢት ስልክ ማዞሪያ ላይ ነበርን። የቢሮዋን ነገር በኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

እኛ የማዞሪያ ሠራተኞች የራሳችን ልማድ ነበረን። መስመሩ የተጨናነቀበት ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱ ክፍት በሆነው በኩል ጥሪውን ያሳልፋል። ያዘዘን የለም። እኔ አስም ስላለብኝ ወሬዬ አጭር ነው፤ ባልደረቦቼ "ካራቆሬ ቴሌግራም ነው" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ጓድ ለማ የሚባል አዲስ ካድሬ አሰገደች ቢሮ ገባ።

"አዛዣችሁ ማን ነው?"

"የለንም፣ ጓድ። ተጠያይቀን ነው የምንሠራው።"

"ያለ አዛዥ ማን ይግባባል? ይህ የምስጢር ድርጅት ነው! እስከ ዓርብ ስሙን ካላመጣሽ እስር ቤት ትገቢያለሽ። እስከዚያ ያለ እኔ ፊርማ አንድም ጥሪ እንዳይወጣ!"

አሰገደች የሁለት ልጆች እናት ናት። በዚያ ሳምንት እህል አልቀመሰችም።

ሐሙስ ዕለት ወረፋው ከበር አልፎ አስፋልቱ ላይ ደረሰ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ ዘምዘም ጮኹ።

"በአላህ ይሁንብህ ፈርምልኝ! ሽንኩርቴ ጆንያው ውስጥ በቅሏል። ከዘገየህማ መልሼ ልተክለው ነው!"

ሰው ሳቀ። ለማ የሳቁትን መዘገበ።

ዓርብ ደረሰ።

"ስሙን!"

"የለም ብያለሁ፣ ጓድ።"

"እንግዲያው አለቃዬ እንድትታሰሪ ይዘዙ። አዲስ አበባን አገናኚኝ።"

አለቃውን በፊርማቸው እንጂ በአካልም በድምፅም አያውቃቸውም ነበር።

"የደብረ ብርሃን መስመር በእርስዎ ወረፋ ተጨናንቋል። በጎረቤት በኩል ልሞክር?"

"በፈለግሽው በኩል!"

ገመዱን ሰካች። ወዲያው ተገናኘ። ለማ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። አለቃው ቃላቸው አጭር ነበር፤ በየመሃሉ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ለማ፣ የትልቅ ሰው አነጋገር እንዲህ ነው ብሎ አደነቀ።

"ሴትየዋን ተዋት። እኛ እንከታተላታለን። አንተ... ለስልክ ቤት አትባክንም። ዛሬውኑ ማጀቴ ከተማ ሂድ። የሹመት ደብዳቤህን... እዚያ ጠብቅ።"

ለማ ሻንጣውን ይዞ በመጀመሪያው የጭነት መኪና ሄደ። ወረፋው ሳይመሽ አለቀ።

ስለ እሱ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት ነው፤ ከማጀቴ በእኔ በኩል አዲስ አበባ ደውሎ፣ "ጓድ አለቃ፣ የሹመቴ ደብዳቤ የት ደረሰ?" አለኝ።