የወንድሜ ግማሽ

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ታናሽ ወንድሜ የይለፍ ቃሉን የራሱን ግማሽ ይተይባል። ደንቡን ድርጅቱን ስንከፍት ያወጣነው አብረን ነው፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሱ፣ አንዳችን የሌላችንን እንዳናይ። ሌባ አንዳችንን ቢያታልል ግማሹን ብቻ እንዲያገኝ ነበር፤ ያኔ ሌባ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር።

"ጨረስኩ" ይላል።

እዞራለሁ። ስክሪኑ ላይ ያው ቀይ ጽሑፍ ነው፦ ፋይሉ አልተከፈተም፣ የይለፍ ቃሉን ያረጋግጡ። ደጋግመን ሞከርን፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

የአምቡላንስ ሾፌሮቻችን ጥሪ የሚቀበሉበት መተግበሪያ የእኛ መሆኑ እንዲታወቅ የተፈረመበት ዲጂታል ቁልፍ ቀትር ላይ ጊዜው ያልፍበታል። ጠዋት ቁልፉ የሚቀመጥበትን ይህንኑ ፋይል በሁለታችን ቃል ከፍተን አዲስ ቁልፍ ሠርተን አስቀመጥንበት። አሁን መተግበሪያውን በአዲሱ ቁልፍ ፈርመን ካልላክን፣ በሽተኛ ሲጣራ ሾፌሩ ምንም ሳይሰማ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይውላል።

"ጩጬ" እለዋለሁ። ፀጉሩ መሸሽ ቢጀምርም ለእኔ ያው ጩጬ ነው። "ጠዋት የከፈተ ቃል አሁን እንዴት እምቢ ይላል? ብድርህን እየመለስክ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ።"

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ይቆማሉ። ባለፈው ክረምት "ዝርክርክ" ብዬ በሰው ፊት ያባረርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም የጠራሁት ናፍቆኝ አይደለም፤ ግማሹ እሱ ጋ ስለሆነ ነው።

"ሳያጣሩ ወሬ" ይላል ቀስ ብሎ። "በበሽተኛ ነፍስ ቂም እወጣለሁ ብለሽ ነው፣ እትዬ?"

ሰዓቱን አያለሁ።

እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ይመለከታል። "እኔ ከሄድኩ በኋላ እዚህ ላይ ምን ጫንሽ?"

"ምንም። የደመወዝ ፕሮግራም ብቻ።"

"እሱ ነዋ! የራሱን አሮጌ የቁልፍ ፕሮግራም ይዞ መጥቶ ከፊት ተሰልፏል። ጠዋት ቁልፉን የሠራንበት አዲሱ ነው፤ መተግበሪያውን የሚፈርመው ፕሮግራም የሚጠራው ግን አሮጌውን። አሮጌው አዲሱ ያስቀመጠውን ማንበብ አይችልም። አልችልም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው፣ ቃላችሁ ተሳስቷል ብሎ ሰው ላይ ያላክካል።" ቀና ብሎ ያየኛል። "እንደ አንዳንድ ሰው።"

ዋጥ አደርጋታለሁ። አሮጌውን ያጠፋዋል። ግማሼን እተይባለሁ፤ ግማሹን ይተይባል። ፋይሉ ይከፈታል፣ መተግበሪያው ይፈረማል፣ ይላካል። የሾፌሮቹን ምላሽ ለመስማት የመገናኛ ሬዲዮው ላይ እናፈጣለን።

"ማዕከል፣ አዲሱ ገብቶልኛል" ይላል የአንዱ ሾፌር ድምፅ። ሌላውም ይከተላል።

ወንበር ላይ ዘፍ እላለሁ። ይቅርታ ልለው አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን "ምሳ በልተሃል?" ነው።

ጃኬቱን ለብሷል። "እትዬ፣ ግማሼን ልንገርሽና ይብቃ። ከእንግዲህ እኔን መለመን አያስፈልግሽም።"

አባባሉ ቁጣ የለበትም፤ አንጀቴን የበላውም ይኸው ነው። ይህችን ከነገረኝ ደጄን ዳግም የሚረግጥበት ምክንያት አይኖረውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል።

አንድ ፊደል ሳያወጣ ጆሮዎቼን በሁለት እጄ እደፍናለሁ።