የእማዬ ዛፍና የአክስቴ ዓይን

እስቲ ካመናችሁኝ። ዮዲ ቀልደኛ ናት የሚለውን ወሬ ለአሁን እርሱትና ስሙ።

እናቴ ፅጌረዳና ታናሿ እድላዊት ሆውቶርን የሚባለውን እሾሃም ዛፍ የገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ የችግኝ መሸጫ ነርሰሪ ነው። ሻጩ "የዚሁ አገር ዛፍ ነው፣ ወፍ ይወደዋል" አላቸው። እማዬ ኦክላንድ፣ እኛ ጓሮ ተከለች። አክስቴ ሳን ሆዜ።

የእማዬ አበበ፣ ፍሬ ያዘ፣ ጓሮው ወፍ በወፍ ሆነ። የዛፉ ጫፍ ላይ እንደ ሌባ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀች የምትመስል ግራጫ ወፍ ጠዋት ጠዋት ትቀመጣለች። እማዬ ወደ ሥራ ስትወጣ "ዘበኛዬ፣ ደህና አደርሽ?" ትላታለች።

የአክስቴም ዛፍ አድጓል። ግን "እኔ ጋ ወፍ የለም" ትላለች። እውነትም ወፍ የለም።

እነሱ ደግሞ ከልጅነታቸው ለአንዷ ጫማ ተገዝቶ ለሌላዋ ካልተገዛ ቤቱ ሰላም አያድርም ነበር አሉ።

መስከረም ላይ አክስቴ ልታገባ ነው። መልሱ እኛ ጓሮ እንዲሆን ተነጋግረው፣ ቦታውን ልታይ አንድ እሁድ መጣች። ያየችው ግን ዛፉን ነው። ዞረችው፣ ቅርንጫፉን ሳብ አድርጋ እሾሁን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

"ምን ሰቅለሽበት ነው ወፉ ሁሉ አንቺ ጋ የሚግተለተለው?"

"ዓይንሽን ብቻ አታሳርፊበት" አለች እማዬ እየሳቀች።

አክስቴ አልሳቀችም።

በሳምንቱ አንድ እንሽላሊት እሾሁ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። አንገቱ ላይ፣ ልክ ሰው እንደሰካው። ከዚያ ፌንጣ። ከዚያ ሌላ እንሽላሊት።

"ዮዲ፣ ያንቺ ፕራንክ ነው?"

"እማ፣ ሲሪየስሊ? እኔ እንሽላሊት ልነካ?"

ቤተክርስቲያን የምናውቃቸው እትዬ ወለተ ማርያም እማዬ ያነሳችውን ፎቶ አየት አድርገው ስልኩን ቶሎ መለሱላት። "መተት ነው ልጄ። እንዲህ የሚያደርግ ደግሞ የሥጋ ዘመድ ነው።"

እማዬ አክስቴን ኮል አደረገቻት። "ለአንድ ዛፍ እንዲህ ትቀኛለሽ?"

"ምን አደረግኩሽ?"

"የሰቀልሽውን አንቺ ታውቂያለሽ።"

የመልሱ ድግስ ቀረ። እማዬ ሠርጉም ላይ አልገኝም አለች። ጠበል ረጨች፣ መቀስ ይዛ የዛፉን እሾህ አንድ ሳታስቀር ቆረጠች። "አሁን የት ትሰቅያለሽ" አለች ለብቻዋ። ወዲያው ዘበኛዋም ጠፋች።

ወር ሳይሞላ አክስቴ እያለቀሰች ደወለች። "መተትሽን እኔ ላይ አዞርሽው? የኔ እሾህ ላይ እንሽላሊት ምን ይሠራል?"

"የእጅሽን ነው ያገኘሽው" ብላ እማዬ ዘጋችባት።

ላስታርቃቸው ሳን ሆዜ ሄድኩ። አክስቴ ጠበሏን ልታመጣ ስትገባ ጓሮ ብቻዬን ቀረሁ። ያየሁትን ለሁለቱም ነገርኳቸው፤ "ዮዲ፣ ቀልድሽን ተይ" አሉኝ። በስልኬ የቀረፅኩትን ቪዲዮ ባሳያቸው በኤአይ የተሠራ ነው አሉ።

ስለዚህ ሠርጉ ሳይደርስ እባካችሁ እናንተ ንገሩልኝ፦ ጭንብላሟ ወፍ እንሽላሊቱን በአፏ አንጠልጥላ መጣች፣ እሾሁ ላይ ሰካችው፣ ከዚያ ተደላድላ ቁርሷን በላች።