ቺንቺላው እንዳይበረግግ

እሌኒ ስታገባ ይሄን ፍጥረት ማን ሊይዘው ነው? እማማ ስንዱ ጥያቄውን ለሳምንታት ሲያብሰለስሉት ከርመው መልስ አላገኙለትም። ፍጥረት የሚሉት የልጅ ልጃቸውን የእሌኒን ቺንቺላ ነው፤ ከአይጥ የሚተልቅ፣ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጥላ ባየ ቁጥር ቁምሳጥን ሥር የሚወሸቅ ድንጉጥ።

«እማዬ፣ ካልለመደሽ ትቼው አልሄድም። ሠርጉም ይቀራል» ትላቸዋለች እሌኒ እየሳቀች።

«እኔስ ምን ላርግ ልጄ? ሳየው ይሸሻል፣ ሲሸሽ እኔም እደነግጣለሁ።»

«አትከተይው። መሬት ተቀምጠሽ ዝም በይ፤ ራሱ ይመጣል።»

እሳቸውም በየቀኑ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው፣ መዳፋቸው ላይ ደረቅ ሣር ዘርግተው ዝም አሉ። ወገባቸው ተቆረጠ እንጂ እንስሳው ንቅንቅ አላለም።

ሽማግሌዎች ሊመጡ በተቀጠረበት እሁድ ጠዋት እሌኒ እንደ ደንቡ ጓዳ ገብታ ተደበቀች። እማማ ስንዱ በሩን ለሚመጡት እንግዶች ክፍት ትተው፣ ጭንቀታቸው ቢበርድላቸው ብለው ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ ቺንቺላው ወጣ። እጃቸውን አሸተተ፣ ሣሩን በላ፣ ከዚያ ነጠላቸው ሥር ገብቶ ጭናቸው ላይ ተኛ። እማማ ስንዱ መተንፈስም ፈሩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡ። እማማ ስንዱ ከመሬት አልተነሱላቸውም። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን ብለን…» ሲሉ፣ እማማ ስንዱ እንስሳው እንዳይበረግግባቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከታትለው ወጡ።