የጠፋው ትክል ድንጋይ

የቅርስ ተመራማሪው ዶክተር የትክል ድንጋዮቹን መስክ በሌዘር ከየአቅጣጫው ካስቀረጸ በኋላ፣ ቢሮው ተቀምጦ ምስሉን ሲያይ ማንም ያልመዘገበው አንድ ድንጋይ አገኘ። በእትዬ ሽታዬ የሽምብራ ማሳ መሃል ለብቻው ቆሟል። በዚያው ቀን ለሬዲዮ መግለጫ ሰጠ። «የንጉሥ ቁመና አለው» አለ።

በሳምንቱ ማሳውን በአጥር ለማስከለል ፖሊስና ምስሉን ያነሳችውን ባለሙያ አስከትሎ መጣ። በሳተላይት ቦታ የሚያመለክተው መሣሪያ እየመራ ማሳው መሃል አደረሳቸውና እዚህ ነው አለ። እዚያ ያለው ግን ሽምብራ ብቻ ነው።

«ድንጋዩን የት ጣልሽው?» አለ ዶክተሩ፣ ሲኮተኩቱ ያገኛቸውን እትዬ ሽታዬን።

«የምን ድንጋይ፣ ጌታዬ? እኔ እዚህ ስኮተኩት ነው ያረጀሁት።»

«ሳተላይት አይዋሽም! መሬቱ እንዳይወሰድብሽ ነቅለሽዋል። ቅርስ ማጥፋት ያስቀጣል!»

ፖሊሱ የእትዬ ሽታዬን ክንድ ያዘ።

«ልታሰርበት ከሆነማ እስኪ እኔም ልየው» አሉ።

ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ከፍታ አሳየቻቸው። ረዥም፣ ግራጫ፣ ቀጥ ያለ ነገር ነው።

«ይኼ ጀርባው ይመስላል። እስኪ ወደ ፊቱ አዙሪውማ፣ ልጄ።»

አዞረችውና አጎላችው። ድንጋዩ ባርኔጣ አድርጓል። ሆዱ ገፋ ብሏል። ቀኝ እጁ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል።

ፖሊሱ ምስሉን አየ፤ ቀና ብሎ የዶክተሩን ባርኔጣና ሆድ አየ፤ ክንዳቸውን ለቀቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ አልነቀልኩዎትም» አሉ እትዬ ሽታዬ። «ምስሉ የተነሳ ለት ስልክዎን ሲጨርሱ፣ ሽምብራዬን እየረገጡ በእግርዎ ነው የሄዱት።»