የሻማው ብርጭቆ

ያሮን ከቦርሳው መጀመሪያ ያወጣው ቢራውን አልነበረም። በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ባለእግር ብርጭቆዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያቆማቸው የአባ ቢራራ ዓይን ፈጠጠ።

«የራሱን ብርጭቆ ይዞ መጣ?» አሉ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ኖፊት ዞረው። «የናንተ ዕቃ ካሸር አይደለም፣ በሕጉ አልነጻም ማለቱ ነው?»

ኖፊት ፊቷ ጋለ። ያሮንን ወደዚህ ቤት ለማምጣት ድፍረት ስትለቃቅም አራት ወር ሆኗታል። አያቷ እሺ ካላሉ እናትና አባቷም እሺ አይሉም። «ኧረ አባባ፣ ለቢራው ብሎ ነው» አለች።

«ቢራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ብርጭቆ የሚያማርጠው?»

ያሮን ከከተማው በስተሰሜን ባለው የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ቢራ ጠማቂ ቤት ይሠራል። ስለ ብርጭቆ ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም፤ እስራኤል ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ግን አማርኛው ቶሎ ያልቅበታል። «አባ፣ እዚህ ጋ ጠበብ ሲል ሬያሑ... ሽታው ማለቴ ነው... አያመልጥም» አለ፣ በእጁ ጭምር እያሳየ።

«እኛ ቤት ብርጭቆ ጠፋ? ስንቄ! ብርጭቆ አምጪ!»

ሚስታቸው እማማ ስንቄ ከቁም ሳጥኑ ወፈር ያለ አጭር ብርጭቆ ይዘው መጡ። ኖፊት ስታየው «ወይኔ» አለች በሆዷ። በብርጭቆ ተሞልቶ የሚሸጠው የሙት መታሰቢያ ሻማ ነድዶ ሲያልቅ ሴት አያቷ ብርጭቆውን አይጥሉትም፤ አጥበው ለእንግዳ ያስቀምጡታል።

ያሮን ቀዳ። አረፋው ብቅ አለና እንዳፈረ ሰው ተመልሶ ገባ። ቢራው የቀዘቀዘ ሻይ መሰለ።

«ቢራህ ሞቷል» አሉ አባ ቢራራ፣ ደስ እያላቸው።

ኖፊት ዝም እንዲል በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። ያሮን ግን በቢራ ጉዳይ መዋሸት አይሆንለትም። «ቢራው ደህና ነው። ብርጭቆው ነው ቅባት ያለው።»



«ቅባት?» አሉ እማማ ስንቄ። «እኔ ባጠብኩት ዕቃ? ጎንደር የጠላ ጋን በግራዋ ፈትጌ በወይራ እያጠንኩ የኖርኩት ሴትዮ?»

«የሻማው ሰም ነው፣ እማማ። ለዓይን አይታይም እንጂ አረፋውን ይገድለዋል። ጨው አለ?»

«በሉ እንግዲህ! ቢራ ላይ ጨው ሊጨምር ነው!» አሉ አባ ቢራራ።

ያሮን እጅጌውን ሰብስቦ ወጥ ቤት ገባ፤ ሽማግሌዎቹና ኖፊትም ተከተሉት። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ካጠበ በኋላ ጨው ነስንሶ በጣቶቹ ውስጡን አሸው። ታቹን፣ ጎኑን፣ እንደገና ታቹን።

«ደሙ እንዲወጣ ሥጋ በጨው አሽቶ ካሸር የሚያደርግ ነው የሚመስለው» ብለው አባ ቢራራ ለሚስታቸው ሹክ አሉ።

ሦስቴ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀው። እማማ ስንቄ ፎጣ ቢዘረጉለት «አይ፣ ፎጣም ቅባት ይተዋል» አላቸው። ኖፊት ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ስንቄ ፎጣውን አገላብጠው አዩትና ወደ ቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ወረወሩት።

ያሮን እርጥቡን ብርጭቆ አዘንብሎ ቀስ እያለ ቀዳ፤ ሲጋመስ ቀና አደረገው። አረፋው ሁለት ጣት ያህል ቆመ። አባ ቢራራ እስኪወድቅ ጠበቁት። አልወደቀም። እማማ ስንቄ ጎንበስ ብለው በጎን አዩት።

«ቆሟል» አሉ።

አባ ቢራራ ቡራኬውን አድርሰው ተጎነጩ። ጢማቸው ላይ የቀረውን አረፋ ከሽበቱ የሚለየው አልነበረም። ደግመው ተጎነጩና ያሮንን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አባትህ ማን ይባላል?»

«ተካልኝ።»

«የተካልኝስ አባት?»

«ንጉሴ።»

«የንጉሴስ?»

ኖፊት ነገሩ ገባት። አያቷ የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ጋብቻ ሲታሰብ፣ ተጋቢዎቹ ዘመድ እንዳይሆኑ ነው። ያሮን ከንጉሴ በላይ የሚያውቀው ስም ስላልነበረ ስልኩን አወጣና አባቱ ጋ ደወለ።