የይበልጣል ልክ

ዱላው እንደገና አፈር ዛቀ። ሩሯ፣ ያቺ ከወይራ ሥር ተጠርባ የተድቦለቦለች ኳስ፣ ሳትነካ አልፋ ሄደች፤ ደሳለኝን ክንዱ እስከ ትከሻው ነዘረው። ከታች መንደር ወገን ሳቅ ተነሳ። አንዱ ገና ልትጫወት ነው የመጣኸው ወይስ ድንች ልትቆፍር አለው። ሌላው ዱላውን ሳይሞክር ከገበያ አንስቶት ይሆናል ብሎ ለጓደኛው አወራ።

ከገበያ አላነሳውም። ራሱ ቆርጦ፣ በእሳት ለብልቦ አናቱን ቆልምሞ፣ ቅቤ እየቀባ ጭስ ላይ ያደረቀው ወይራ ነው። የገና ዱላ በባለቤቱ ቁመት እንደሚለካ በዚያ አገር የማያውቅ የለም፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ እጁን ሲያንጠለጥል ቆልማማው አናት መሬቱን ሳም ማድረግ አለበት። ደሳለኝ ግን የለካው ለራሱ አልነበረም። የለካው ለታች መንደሩ ለይበልጣል ጆሮ ግንድ ነበር። ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ሩሯን የሳተ መስሎ፣ የረጅሙን ሰውዬ ራስ የሚያገኝበት ርዝመት።

አምና በዚሁ ሜዳ፣ በዚሁ በዓል፣ የይበልጣል ዱላ የደሳለኝን ታላቅ ወንድም የእንድርያስን ግራ ዓይን አፈሰሰው። በገና ጨዋታ የፈሰሰ ደም አይጠየቅም። ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ ቂም ይዣለሁ ያለም አልነበረም፣ እንድርያስ ራሱ ጨዋታ ነው ብሎ ዓይኑን በሻሽ አስሮ ዝም አለ። ይበልጣል ክረምቱን ሙሉ ማንም ሳይጠራው እየመጣ የእንድርያስን ማሳ አረሰ፣ አረመ፣ ሲደርስም ጤፉን አብሮ ወቃ። ደሳለኝን ያንገበገበው ይሄው ነው፤ የሰው ዓይን አጥፍቶ መንሽ ይዞ አውድማ መምጣት። አውድማው ላይ ትይዩ ቆመው በሬዎቹን ሲያዞሩ፣ ደሳለኝ እህሉን ትቶ የሰውየውን ቁመት በዓይኑ ሲለካ ዋለ። ደም የማይጠየቅበት ቀን ለሱም ይመጣ የለ።

ሩሯ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ጎረምሶቹ ሊፈልጓት ሮጡ። የቀረው ባለበት ቆሞ ላቡን ይጠርግ ጀመር። ይበልጣል ፍንጭት ጥርሱን እያሳየ ወደ ደሳለኝ መጣ፤ እስቲ አምጣው ብሎ ዱላውን ከእጁ ወሰደና ጎንበስ ብሎ ሞከረው። አናቱ መሬቱን ሳም አደረገ።

"ወንድምዓለም፣ ይሄ ለኔ እንጂ ላንተ አልተቆረጠም" አለ እየሳቀ። "ልኬን ማን ነገረህ?"

ይበልጣል ግን መልስ አልጠበቀም። የራሱን ዱላ ዘረጋለት። ይሄ ጫፉ እየተሸረፈ ለኔ አጥሮኛል፣ ላንተ ግን ልክህ ነው፣ ለዛሬ እንቀያየርና አንተም እንደ ሰው ሩር ምታ አለው።

ደሳለኝ የተዘረጋውን ዱላ አየ። እጀታው በላብ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ቢቀበለው ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ተጫውቶ፣ ተሰዳድቦ፣ ከመንደሩ ጋር ጠላውን ጠጥቶ ይገባል። ከሜዳው ዳር እንድርያስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባንድ ዓይኑ ይመለከታቸዋል።

"ይቅርብኝ" አለ ደሳለኝ። "እለምደዋለሁ።"

ሩሯ ተገኘች። ጩኸቱም አቧራውም አብሮ ተነሳ። ዱላ ከዱላ ተፋጨ፤ አንዱ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ወጣ፣ ሌላው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙን እየተፋ ይሮጣል። ደሳለኝ ሩሯን ረስቶ ይበልጣልን ብቻ ይከተላል። በመጨረሻ ሩሯ እየነጠረች ወደነሱ መጣች፤ ይበልጣል ጎንበስ ብሎ ጠበቃት። ደሳለኝ ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሳ። ስሕተቱ የገባው ያን ጊዜ ነው። የለካው አውድማ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነበር። ገና የሚጫወት ሰው ደግሞ ያጎነብሳል። አሁን ቢሰነዝር የሚያገኘው አየር ነው።

ስለዚህ ጠበቀ።

ይበልጣል ሩሯን ቀው አደረጋት። በሰዉ ራስ ላይ በረረች፣ ሜዳው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ይበልጣል የላካትን ሊያይ ቀና አለ። ቀና ብሎ ሲያበቃ ዱላው ደረሰ። ደረቅ ቅል የተሰበረ ይመስል ነበር ድምፁ።

ሰዉ ሲመለስ ይበልጣል በግንባሩ ተደፍቶ እግሩ ይንፈራገጣል። ከጆሮው ደም ይወርዳል፤ እስትንፋሱ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ያንኮራፋል። እንዴት እንደተመታ ያየ አልተገኘም። የታች መንደር ሽማግሌዎች ራሳቸው ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ነው እያሉ ጎረምሶቻቸውን ያዙ። አንዱ አርብ ገበያ ላለ ባለባጃጅ ስልክ ደወለ። የይበልጣል ሚስት ብርነሽ እየሮጠች ደረሰች፤ ነጠላዋን ቀድዳ የባሏን ራስ አሰረች፣ ከዚያ ደሳለኝ ዱላውን እንደያዘ ተገትሮ አየችና ደም በነካው እጇ ክንዱን ያዘችው።

"አትደንግጥ ወንድሜ" አለችው። "አምናም እሱ አውቆ አልነበረም። ጨዋታ ነው።"

እንድርያስ መጣ። ደሳለኝ ወንድሙ አንድ ነገር እንዲለው ጠበቀ፤ ተመስገን ቢልም፣ በጥፊ ቢለውም። እንድርያስ ጆሮው ሥር ተጠግቶ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

"የኔ ለት ሩሯ በመሀላችን ነበረች" አለው።

ብሎት አለፈ። ጋቢውን አውልቆ ከሁለት እንጨት ጋር ቃሬዛ ያስር ጀመር።

ይበልጣልን አንስተው አስተኙት። ባጃጁ ከድልድዩ ወዲህ አይመጣም፣ እስከዚያ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ድንጋያም ነው። ለቃሬዛው አንድ ትከሻ ጎደለ። ከፊት ያሉት ዞረው ደሳለኝን ጠሩት፣ ጉልበት ያለህ አንተ ነህ ና ግባ አሉት። ገብቶ ተሸከመ። ጥቂት እንደወረዱ ጋቢው ራሰ፤ ሞቅ ያለ ነገር አንገቱ ላይ ጠብ አለና በደረቱ መውረድ ጀመረ። ሁለት እጆቹ እንጨቱን ይዘዋል። ሊጠርገው አልቻለም።