ሚስማሩ ላይ ያለው ዳቦ

ጉልሩ በርጩማ ላይ ወጥታ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ዳቦ አወረደች። አባቷ ለሥራ ወደ ሩሲያ ሲሄድ፣ እንደ አገራቸው ደንብ አንዴ ገምጦት፣ ተመልሶ እንዲጨርሰው የተሰቀለ ነበር።

«ሁለት ክረምት ሙሉ አልደወለም! እኛ ሻይ ብቻ እየጠጣን እናቴ ጠዋት ጠዋት ይህን እያየች ትፅናናለች። ለዶሮ ነው የምሰጠው፤ በቃ፣ መሮኛል!»

«ተዪው፣ አንቺ ልጅ!» ጓደኛዋ ሳዮራ ቀሚሷን ጎተተቻት።

እንደ ድንጋይ መድረቅ የነበረበት ዳቦ እጇ ላይ ለሰለሰባት። የተገመጠበትን አየች፤ መሃሉ ላይ ጥርስ ያልነካው ጉብታ ነበር። የአባቷ ጥርስ ግን ሙሉ ነው። ዞር ስትል ሳዮራ ወላቃ አፏን በእጇ ሸፍናለች።

«የድሮውን አይጥ ጨረሰው። ታዲያ እናትሽ ባዶ ሚስማር ይዩ?»

ጉልሩ ዳቦውን መልሳ ሰቀለችው።

«ሌላ ጊዜ ስትገምጪ አፍሽን ከፈት አድርጊ» አለች እንባዋን እየዋጠች፤ «አባቴ እንደ አይጥ አይደለም የሚገምጠው።»